አስር ዓመት ሙሉ እንዲሸነፍ ስመኝ የኖርኩት ቡጢኛ፤ እናንተስ ማንን ጠልታችሁ ወደዳችሁ?

የቄራው ልጅ (አዲስ አበባ)

ሰላም ወገኖች። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ፍልሚያዎቹ የሚታወቁት በዚያ ስለሆነ።

ቭላድሚር ክሊችኮን አልወደውም ነበር። አስር ዓመት ያህል እሱ በገጠመ ቁጥር ስሙን እንኳ በቅጡ የማልጠራውን ተጋጣሚውን ስደግፍ ኖሬአለሁ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ98፣ ግራ እጁ እንደ ጦር የረዘመ፣ ቀኙ ያገኘውን የሚጥል። ይህን ሁሉ ይዞ የሚያደርገው ግን ግራውን መዘርጋት፣ ደግሞ መዘርጋት፣ ሰውየው ሾልኮ ከገባበት ደግሞ አቅፎ በክብደቱ መጫን ነበር። የ2013ቱን የሞስኮ ፍልሚያ ያየ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። አሌክሳንደር ፖቬትኪንን አራት ጊዜ መሬት ላይ ጣለው፣ ሦስቱም ዳኞች 119 ለ 104 ሰጡት። እኔ ግን ከዚያ ምሽት የቀረኝ እቅፍ ብቻ ነው። ፖቬትኪን አንገቱን ቀና ማድረግ እንኳ አቅቶት ነበር። ተናድጄ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ተኛሁ።

ከዚያ ኤፕሪል 29 ቀን 2017 መጣ። ዌምብሌይ፣ 90 ሺህ ተመልካች። ክሊችኮ 41 ዓመቱ ነው፤ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በፊት በታይሰን ፊዩሪ ተሸንፎ ቀበቶዎቹን አስረክቧል። ፊት ለፊቱ የቆመው አንቶኒ ጆሹዋ ገና 27 ዓመቱ፣ 18 ጊዜ ገጥሞ አንዱንም ለዳኞች ነጥብ ሳይተው የጨረሰ። እኛ ሰፈር ፍልሚያ የሚያሳይ ቤት ነበርኩ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፏል፣ መቀመጫ የለም፣ ቤቱ በሙሉ የጆሹዋ ነው። እኔም የመጣሁት የክሊችኮን መጨረሻ ለማየት ነበር።

በአምስተኛው ዙር ጆሹዋ ጣለው። አበቃ ብለን ስንጨባበጥ ሰውየው ተነሳ። ተነስቶም ዝም አላለም፤ ዙሩ ሳያልቅ ጆሹዋን እግሩ እስኪተሳሰር መታው። በስድስተኛው ያ ቀኝ እጁ አረፈበትና ጆሹዋ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። እኔ ቆሜ «ጨርሰው! ጨርሰው!» እያልኩ ነው። ጓደኛዬ ክንዴን ይዞ «ለማን ነው የምትጮኸው?» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት።

አልጨረሰውም። በ11ኛው ዙር የጆሹዋ አፐርካት፣ ከታች ወደ ላይ የሚሰነዘረው ቡጢ፣ መጣና የክሊችኮ አንገት ወደ ኋላ ሲሄድ ሁላችንም አየን። ወደቀ፣ ተነሳ። ደግሞ ወደቀ፣ ደግሞ ተነሳ። ገመዱ ላይ ሲደበደብ ዳኛው ገባ። ያን ምሽት እንደ ድሮው ቢያቅፍ ኖሮ ምናልባት ይተርፍ ነበር ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ። ስጠላው የኖርኩትን ነገር ትቶ በመግጠሙ ነው የተሸነፈው።

ፈሪ ስለው የነበረ ሰው በ41 ዓመቱ ሦስት ጊዜ ከመሬት ሲነሳ ማየት ከብዶኝ ነበር። ወደ ቤት በእግሬ ስሄድ መንገዱን ሙሉ ስለ እሱ ነው ያሰብኩት። እናንተስ? ጠልታችሁት የነበረ፣ በኋላ ግን ልባችሁን የወሰደ ማን አለ? እንዴት እንደተለወጣችሁም ጻፉልኝ፤ ስም ብቻ አትተዉልኝ።


ማይን ወንዝ (ፍራንክፈርት)

የቄራው ልጅ፣ ጽሑፍህ ደስ ይላል። «ፈሪ» ያልከው ላይ ግን ልሟገትህ።

እኔ ጀርመን የገባሁ ሰሞን መጠለያ ውስጥ ለሁላችን አንድ ቴሌቪዥን ነበረን። ክሊችኮ የሚገጥምበት ቅዳሜ ማታ ሲሆን አፍጋኑም፣ ኤርትራዊውም፣ ሶማሌውም፣ እኛም አንድ ላይ እንሰበሰብ ነበር። በቋንቋ ባንግባባም ጃቡን፣ ያን ቀጥ ብሎ የሚዘረጋውን የግራ እጅ ቡጢ፣ በጣት እየቆጠርን እናይ ነበር። ስለዚህ እኔ ይህን ሰው ከመጀመሪያውም አልጠላሁትም፣ ግን ለምን እንደሚያቅፍ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ማርች 2003 ሃኖቨር ላይ ኮሪ ሳንደርስ የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ ግራኝ በሁለት ዙር ውስጥ አራት ጊዜ ጥሎ አሸነፈው። በኤፕሪል 2004 ላስ ቬጋስ ላይ ላሞን ብሩስተርን ሲደበድበው ቆይቶ በአምስተኛው ዙር ጉልበቱ እንደ ውኃ ፈሰሰ፤ ራሱን ችሎ መቆም አቃተው። ያን ጊዜ ጋዜጣው ሁሉ አለቀለት ብሎ ጽፎ ነበር። ያልተወው አሰልጣኙ ኢማኑኤል ስቱዋርድ ነው፣ የዲትሮይቱ፣ ቶማስ ሄርንስንና ሌኖክስ ልዊስን ያሰለጠነው። በ2005 ሳሙኤል ፒተር ሦስት ጊዜ ጣለው፤ ክሊችኮ ግን ሦስቴም ተነስቶ በነጥብ አሸነፈ። አየህ፣ አንተ በ2017 ያየኸው መነሳት አዲስ አልነበረም።

ያ ጃብ፣ ያ እቅፍ ሰውየው ስለ ራሱ ያወቀው ነገር ነው። አገጩ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል፣ ጉልበቱ መቼ እንደሚያልቅ መሬት ላይ ወድቆ ተማረ፤ በዚያ ላይ ቤት ሠራበት። ከ2006 እስከ 2015 ዘጠኝ ዓመት ከመንፈቅ በላይ ሻምፒዮን ሆኖ ቆየ፤ 18 ጊዜ ቀበቶውን አስጠበቀ። ስቱዋርድ በኦክቶበር 2012 ሲያርፍ ሁለት ሳምንት ትንሽ እንዳለፈ ወደ ፍልሚያ ገባ፣ አሸነፈም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። የፖቬትኪኑን ፍልሚያ እንደገና ክፈተውና የክሊችኮን ግራ እጅ ብቻ ተከታተል። ሌላ ነገር አትይ። ከዚያ ና ንገረኝ።

ከቡጢ ውጭ የሆነውም ይጨመር። በ2012 የአትላንታ ኦሎምፒክ የወርቅ ሜዳሊያውን ለሕፃናት መርጃ ጨረታ ላይ አውጥቶ በአንድ ሚሊዮን ዶላር ሸጠው፤ የገዛው ሰው መልሶ ሰጠው። በ2022 ጦርነቱ ሲመጣም ኪየቭን ለቅቆ አልወጣም፤ ከንቲባው ወንድሙ ቪታሊ ጋር ከተማው ውስጥ ቆየ።


ቦሌ ሚካኤል (አዲስ አበባ)

እኔ አልተለወጥኩም። አንድ ጥሩ ምሽት አስር ዓመት አሰልቺ ፍልሚያ አያጥብም። ገንዘብ ከፍሎ የገባ ሰው የሚመጣው ሁለት ሰው ሲፋለም ለማየት ነው። ክሊችኮ ኒው ዮርክ ላይ በ2008 ከሱልጣን ኢብራጊሞቭ ጋር የገጠመውን አይታችኋል? አዳራሹ ሙሉ ነበር የጮኸበት፣ ትክክልም ነበሩ። ሰውየው መልካም ሰው መሆኑን አምናለሁ፣ በዌምብሌይም ጀግና ነበር። መልካም ሰው መሆንና ጥሩ ቡጢኛ ሆኖ መታየት ግን አንድ አይደሉም።


ጥቅምት 67 (አዲስ አበባ)

ልጆች፣ እኔ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ጥቅምት 20 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፣ በኛው አቆጣጠር። ጃንሆይ ከወረዱ ሁለት ወር አልሞላም፣ አገሩ ሁሉ ራዲዮ ላይ ጆሮውን ጥሎ ነው የሚውል። በዚያ መሃል ከኪንሻሳ ወሬው መጣ፤ መሐመድ አሊ በስምንተኛው ዙር ጆርጅ ፎርማንን ጣለው። ኪንሻሳ ላይ ፍልሚያው የተጀመረው ከሌሊቱ አስር ሰዓት ነው፣ ለአሜሪካ ቴሌቪዥን እንዲመች ተብሎ፤ እኛ ዘንድ ነግቷል። ተማሪዎች ነበርን፣ ተቃቀፍን። አሊ የኛ ነበር፣ የአፍሪካ ነበር። ፎርማንን ለመጥላት ብዙ ማወቅ አያስፈልገንም ነበር።

ምክንያቱ ደግሞ አልጠፋም። በ1968 ሜክሲኮ ላይ ጥቁሮቹ ሯጮች ስሚዝና ካርሎስ ጡጫቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አገራቸውን በወቀሱበት ኦሎምፒክ፣ ፎርማን ወርቁን ወስዶ ትንሽ የአሜሪካ ባንዲራ ሲያውለበልብ ታየ። በ1973 ኪንግስተን ላይ ጆ ፍሬዘርን በሁለት ዙር ስድስት ጊዜ ጣለው። ፍሬዘርን! ፊቱ አይፈታ፣ ሰው አያናግር። ወደ ኪንሻሳ ሲገባም ጀርመን ሼፐርድ ውሻ ይዞ ወረደ። የአገሬው ሰው ያንን ዓይነት ውሻ የሚያውቀው ከቤልጂግ ቅኝ ገዥዎች ፖሊስ ጋር ነው። ከዚያ ወዲያ «አሊ፣ ቦማ ዬ»፣ አሊ ግደለው፣ ብሎ ሕዝብ ቢጮህ ምን ይገርማል።

ከሽንፈቱም በኋላ ለዓመታት ሰበብ ያበዛ ነበር። ገመዱ ላልቶ ነው፣ ቆጠራው ፈጥኖ ነው፣ ውኃው ውስጥ የሆነ ነገር ገብቶ ነው። ይህን ስሰማ ጥላቻዬ ይጠነክር ነበር።

በ1977 ፖርቶ ሪኮ ላይ በጂሚ ያንግ ተሸነፈ፤ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ እግዚአብሔር አገኘኝ ብሎ ጓንቱን ሰቀለ። አስር ዓመት ሰባኪ ሆነ። በ1987 ሲመለስ ራሱን ተላጭቶ፣ ሆዱ ወጥቶ፣ 121 ኪሎ ሆኖ፣ እየሳቀ ነበር። እኔ ያ ሳቅ ለገበያ ነው ብዬ ነበር። ከሰው ሁሉ ዘግይቼ ነው የተቀበልኩት።

የለወጠኝ ቡጢው አይደለም። በ1997 ስለ ኪንሻሳው ፍልሚያ የተሠራው ዘጋቢ ፊልም ኦስካር ሲወስድ ሁለቱም አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። አሊ በፓርኪንሰን ምክንያት ደረጃውን መውጣት ይቸግረው ነበር። ፎርማን ክንዱን ያዘውና ደግፎ ወደ መድረክ አወጣው። በዓለም ፊት የጣለውን ሰው። ያን ሰሞን በዜና አየሁት፣ ብቻዬን ቤት ውስጥ ነበርኩ፣ እንባዬ መጣ። ሃያ ሦስት ዓመት ያለ ምክንያት ይዤው የኖርኩት ቂም ነበር፤ እዚያው ለቀቀኝ። በማርች 2025 በ76 ዓመቱ ሲያርፍ ለራሴ ዘመድ ያዘንኩ ያህል ነው ያዘንኩት።


ሂውስተን ነዋሪ (ሂውስተን)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥዎት። እዚህ ከተማ የሚኖር ሰው አንድ ነገር ይጨምርልዎት።

ፎርማን የተመለሰው ስም ናፍቆት ብቻ አልነበረም። በ1984 እዚህ ሂውስተን ላይ ለሰፈር ልጆች የወጣቶች ማእከል ከፍቶ ነበር፤ ገንዘቡ ሲያልቅበት ደጅ መጥናት አልፈለገም። ገንዘብ ማግኘት የሚያውቀው በቡጢ ነውና ወደ ቡጢው ተመለሰ። ያ ከገባኝ በኋላ ስለ ሆዱ የሚነገረው ሁሉ አላሳቀኝም።

የ1994ቱን ደግሞ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ኖቬምበር 5፣ ላስ ቬጋስ። ፎርማን 45 ዓመቱ፣ ማይክል ሙረር 26። የለበሰው ቁምጣ ኪንሻሳ ላይ የተሸነፈበት ቀዩ ነው። ጥጉ ላይ የቆመለት ደግሞ አንጄሎ ዳንዲ፣ ያን ሌሊት የአሊ ጥግ ላይ የነበረው ራሱ። ዘጠኝ ዙር ሙሉ ተደበደበ፣ በሦስቱም ዳኞች ወረቀት ላይ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። በአስረኛው አጭር ቀኝ እጅ፣ ከአንድ ስንዝር የማትበልጥ፣ ሙረር አገጭ ላይ አረፈች። ሙረር በጀርባው ተዘረጋ። ፎርማን ምን አደረገ? ወደ ጥጉ ሄዶ ተንበረከከ። አልጨፈረም። ሃያ ዓመት ተሸክሞት የኖረውን ነገር እዚያ ያወረደ ነው የመሰለኝ።


ቬጋስ ባለታክሲ (ላስ ቬጋስ)

እኔ የማነሳው ሰው ብዙዎቻችሁን ያናድዳል። ፍሎይድ ሜይዌዘር። ጠልቼው ኖሬ በኋላ ወደድኩት።

እዚህ ከተማ ከኛ አገር ሰው ብዙው ታክሲ ላይና ካዚኖ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ትልቅ ፍልሚያ ሲኖር እንቅልፍ የለንም። ሜይ 2 ቀን 2015 ከፓኪያው ጋር የገጠመ ሌሊት ያሳፈርኩት ሰው ሁሉ ሲራገም ነበር። ሮጠ፣ አልተፋለመም፣ ገንዘባችንን በላ። እኔም አብሬ ተራገምኩ፤ ፓኪያውን እወደው ነበር። ዳኞቹ አንዱ 118 ለ 110፣ ሁለቱ 116 ለ 112 ለሜይዌዘር ሰጥተው ነበር፣ ተሸጠዋል አልኩ።

ከወራት በኋላ ድምፁን ዘግቼ እንደገና አየሁት። የተንታኞቹ ወሬ የለ፣ የሕዝቡ ጩኸት የለ። ያኔ ነው ያየሁት። ግራ ትከሻውን ከፍ አድርጎ አገጩን ከኋላው ይሸሽጋል፤ ቡጢው ሲመጣ በትከሻው ያንሸራትተዋል፤ ያ እጅ ወደ ቦታው ሳይመለስ የሱ ቀኝ እጅ ደርሷል። አይሮጥም። አንድ እርምጃ ነው የሚሄደው፣ ትክክለኛዋን አንዲት እርምጃ። ከዚያ ወደ 2010 ተመለስኩ፤ ሼን ሞዝሊ በሁለተኛው ዙር በቀኝ እጅ ጉልበቱን አጥፎት ነበር። ተይዞ ተረፈና ከሦስተኛው ጀምሮ ወደ ፊት እየሄደ ሞዝሊን በላው። የሚሸሽ ሰው እንደዚያ አያደርግም። 50 ገጥሞ 50 ያሸነፈ ሰው ነው፤ ብዙዎቹን እኔ እንዲሸነፍ እየጸለይኩ።


ትዕግስት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ወንድሜ ባለታክሲ፣ ስለ ትከሻው የጻፍከው እውነት ነው፣ እኔም እንደዚያ ነው የማየው። ግን «ወደድኩት» የሚለውን ቃል በዝምታ ላልፈው አልችልም። ሜይዌዘር በ2012 እዚያው ከተማችሁ እስር ቤት ሁለት ወር ያህል የተቀመጠው የልጆቹን እናት በመምታቱ ነው። በቡጢ ስፖርት ውስጥ እጅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ሥራውን ማድነቅ ይቻላል፤ እኔም አደንቃለሁ። ሰውየውን ግን እንደ ክሊችኮ፣ እንደ ፎርማን አላስቀምጠውም። ነገ ማይክ ታይሰንን የሚያነሳ ይመጣል፤ ለሱም መልሴ ይኸው ነው።


ቬጋስ ባለታክሲ (ላስ ቬጋስ)

እህቴ ትዕግስት፣ ልክ ነሽ። ስጽፍ ያ ነገር አእምሮዬ ውስጥ ነበር፣ አለመጻፌ ጥፋት ነው። «ወደድኩት» ያልኩትን «ሥራው ገባኝ» በሚለው ተኪልኝ። አንቺስ ማንን ታነሺያለሽ?


ትዕግስት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ላሪ ሆልምስን።

እኔ ቡጢ የወረስኩት ከአባቴ ነው። አባቴ አሊን የሚወድ ሰው ስለነበረ ሆልምስ ቤታችን ውስጥ ስሙ አይነሳም ነበር። ኦክቶበር 2 ቀን 1980 ቄሳርስ ፓላስ ላይ የ38 ዓመቱን አሊ አስር ዙር የደበደበው እሱ ነው። አባቴ «አዛውንት የመታ» ይለው ነበር፣ እኔም ያን ይዤ አደግኩ።

ፍልሚያውን ራሴ ያየሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። ለማየት ይከብዳል። ግን የሆልምስን ዓይን ተከታተሉ። ይመታል፣ ከዚያ ዳኛውን ያያል። ደግሞ ይመታል፣ ደግሞ ዳኛውን ያያል። እባክህ አስቁመው የሚል ሰው ዓይን ነው። የአሊ የልምምድ ጓደኛ ሆኖ ነው ሙያውን የተማረው፤ የሚመታው መምህሩን ነበር። ማንም አላስቆመለትም፤ ከአስረኛው ዙር በኋላ ዳንዲ አስቆመው። ሆልምስ ካሸነፈ በኋላ አለቀሰ። አባቴ ይህን አልነገረኝም፤ እሱም አላየው ይሆናል።

ከዚያ በፊት በ1978 ከኬን ኖርተን ጋር ያደረገው 15ኛ ዙር አለ። እስከ 14ኛው እኩል ለእኩል ደርሰው፣ ቀበቶው በአንዲት ዙር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሁለቱም እጃቸው ማንሳት እስኪያቅታቸው የተፋለሙበት። ቡጢ ለማያውቅ ሰው አንድ ዙር ብቻ አሳዪ ብትሉኝ ያንን ነው የማሳየው። ጃቡን ደግሞ እናንተው ፍረዱ። በከባድ ሚዛን እንደሱ ያለ ግራ እጅ ያለው ማን ነው?

ጥፋትም አለበት፣ አልደብቅም። በ1985 በማይክል ስፒንክስ ተሸንፎ የሮኪ ማርሲያኖን 49 ጊዜ ገጥሞ ያለመሸነፍ ክብረ ወሰን ለመድረስ አንዲት ሲቀረው፣ ስለ ሟቹ ማርሲያኖ ሊባል የማይገባ ስድብ ተናገረ። ሰው ያን አልረሳለትም። እኔ ግን ያን ቃል ስሰማ የሚሰማኝ ሰባት ዓመት ሻምፒዮን ሆኖ ከአሊ ጋር ብቻ ሲነጻጸር የኖረ ሰው ምሬት ነው። በ1982 ከጄሪ ኩኒ ጋር ሲገጥም ሻምፒዮኑ እሱ ሆኖ ሳለ በመጨረሻ በክብር የተጠራው ተፈታታኙ ነበር። ኩኒ ነጭ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ነው የወረደው። ከኩኒ ጋር ግን በኋላ ወዳጆች ሆኑ።

አባቴ ከማረፉ በፊት ያን ፍልሚያ አብረን ብናየው ኖሮ ብዬ እመኛለሁ።


ደቡብ ለንደን (ለንደን)

እዚህ አገር በዘጠናዎቹ መጀመሪያ የደረሰ ሁሉ ክሪስ ዩባንክን ያውቀዋል። ሕዝቡ ትኬት የሚገዛው ሲሸነፍ ለማየት ነበር። ገመዱን ዘሎ ይገባል፣ ደረቱን ነፍቶ እንደ ሐውልት ይቆማል፣ እንደ መኳንንት ይለብሳል፣ ቡጢ አልወድም ለገንዘብ ነው የምገጥመው ይላል። እኔ አዲስ ስደተኛ ነበርኩ፤ ጥቁር ሰው እንደዚያ ሲኩራራ ሳይ ደስ ሊለኝ ሲገባ አፈርኩበት። ለምን እንዳፈርኩ ዛሬም እጠይቃለሁ።

ሴፕቴምበር 21 ቀን 1991 ዋይት ሃርት ሌን ላይ ከማይክል ዋትሰን ጋር ገጠመ። በ11ኛው ዙር ዋትሰን ጣለው፣ አለቀለት ሲባል ተነስቶ በአንድ አፐርካት ዋትሰንን መለሰ። በ12ኛው ፍልሚያው ቆመ፣ ዋትሰን ራሱን ሳተ። 40 ቀን ኮማ ውስጥ ቆየ። በቂ የሕክምና ዝግጅት አልነበረም፤ ጉዳዩ በኋላ ፍርድ ቤት ሄዶ የእንግሊዝ ቡጢ አሠራር ተለወጠ። ዩባንክ ከዚያ ወዲያ ሌላ ቡጢኛ ነው። ተጋጣሚው ሲንገዳገድ ለመጨረስ እጁ ይቀርበታል። ሕዝቡ ሰነፈ አለው። እኔም ብያለሁ።

በ1998 ከክብደቱ በላይ ወጥቶ ከካርል ቶምፕሰን ጋር ሁለት ጊዜ ገጠመ፣ ሁለቱንም ተሸነፈ። በሁለተኛው ዓይኑ ሙሉ በሙሉ ተደፍኖ፣ ዶክተር እስኪያስቆመው ድረስ ይመታ ነበር። ሰባት ስምንት ዓመት የጮኸበት ሕዝብ ያን ምሽት ስሙን እየጠራ አጨበጨበለት። የቄራው ልጅ፣ ያንተን የዌምብሌይ ታሪክ ሳነብ ወዲያው ይኼ ነው ትዝ ያለኝ።

ዋትሰን በ2003 የለንደንን ማራቶን በስድስት ቀን ተራምዶ ጨረሰ። መጨረሻው ላይ ዩባንክ ከጎኑ ነበር። 


ቬጋስ ባለታክሲ (ላስ ቬጋስ)

በርናርድ ሆፕኪንስን አንድ ሰው ሳያነሳው እንዳይቀር። በ17 ዓመቱ እስር ቤት ገብቶ አምስት ዓመት ገደማ ተቀምጦ የወጣ ሰው ነው። በ2001 ከፌሊክስ ትሪኒዳድ ፍልሚያ በፊት ሳን ሁዋን ሄዶ በሕዝቡ ፊት የፖርቶ ሪኮን ባንዲራ ወረወረ፤ ሕዝቡ አባረረው። ባንዲራ የሚወረውር ሰው እኔ እንዴት ልወድ? ትሪኒዳድን በ12ኛው ዙር አሸነፈው፣ እኔ ግን አኮረፍኩ። ከዚያ 46 ዓመቱ ላይ ሞንትሪያል ሄዶ ዣን ፓስካልን አሸንፎ የፎርማንን የዕድሜ ክብረ ወሰን ሰበረ። በ49 ዓመቱ ከኮቫሌቭ ጋር፣ ዙር ሁሉ እየተሸነፈ፣ 12ቱንም በእግሩ ጨረሰ። ከእስር ቤት ይዞት የወጣው ሥነ ሥርዓት ነው፤ ጠጅ የለ፣ ሌሊት የለ፣ ከክብደቱ አይወጣም። አንድ ተሳፋሪዬ እንዲህ ያለውን ኑሮ መነኩሴ ብቻ ነው የሚኖረው ብሎኛል።


ቦሌ ሚካኤል (አዲስ አበባ)

ሌሊቱን ስታወሩ አንብቤ አደርኩ። አልተለወጥኩም ብዬ ነበር፣ ስለ ክሊችኮ አሁንም ነው። ግን ጋሼ ስለ ፍሬዘር ያሏት አንዲት ቃል አላስተኛችኝም። «ፍሬዘርን!» ብለው ነው የጻፉት።

እኔ ፍሬዘርን የማውቀው በአሊ አፍ ነው። አሊ አስቀያሚ አለው፣ ጎሪላ አለው፣ የነጭ ሎሌ አለው፣ እኛም ሳቅን። ፍሬዘር የደቡብ ካሮላይና ጭሰኛ ልጅ ነው፣ ቤታቸው በልጅ የተሞላ። አሊ ለጦርነት አልዘምትም ብሎ ፈቃዱን ሲነጠቅ እንዲመለስለት የጠየቀለት፣ ገንዘብ ሲቸግረው የሰጠው ይኸው ሰው ነው። ማኒላ ላይ በ1975 ዓይኖቹ አብጠው ተደፍነው ለ15ኛው ዙር ሊነሳ ሲል አሰልጣኙ ኤዲ ፈች ነው ያስቆመው። ፍሬዘር እንዲቀጥል ለምኖታል። ብዙ ዘመን የኖረው ፊላደልፊያ ሰሜን ብሮድ መንገድ ላይ ከጂሙ በላይ ባለ ክፍል ነው። ያች ከተማ ለፊልም ገጸ ባሕርይ ሐውልት አቁማ ለሱ ሳታቆም ሞተ፤ በ2011። ሐውልቱ የቆመው በ2015 ነው።

እኔ አሊን መውደዴን አልተውም። ግን ያን ሳቅ መመለስ ብችል እመልሰው ነበር።


ጥቅምት 67 (አዲስ አበባ)

ቦሌ ሚካኤል፣ ልጄ፣ ያን ሳቅ እኛም ስቀናል፣ ያውም ካንተ በፊት።


የቄራው ልጅ (አዲስ አበባ)

ሁላችሁንም አንብቤአለሁ፣ አመሰግናለሁ። ትዕግስት፣ የሆልምስና የኖርተንን 15ኛ ዙር ትናንት ማታ አይቼ ሌላ ነገር ማየት አልቻልኩም።

ማይን ወንዝ፣ ዛሬ ቃሌን ጠብቄ የፖቬትኪኑን ፍልሚያ ከፈትኩ፤ እንዳልከኝ ግራ እጁን ብቻ ተከተልኩ። ልንገርህ፣ አሁንም ቆንጆ ፍልሚያ አይደለም። ዳኛው እቅፉን ቀደም ብሎ መቅጣት ነበረበት፣ ከዚያ አልመለስም። ግን ያላየሁት ነገር ነበር። ፖቬትኪን ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ነው የሚገባው፣ በየጊዜው። የክሊችኮ ግራ እጅ ግንባሩ ላይ ተለክቶ ይጠብቀዋል፤ አንዳንዴ አይመታም፣ ዝም ብሎ ዓይኑን ይከልለዋል። በሁለተኛው ዙር የወደቀው በዚያው ግራ እጅ ነው። በሰባተኛው ሦስት ጊዜ ሲጥለው እኔ በ2013 የት ነበርኩ? ያን ሁሉ ሳላይ ስለ እቅፉ እየተናደድኩ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ አስተዋልኩ። ፖቬትኪን ወድቆ ሲነሳ ክሊችኮ አይቸኩልም። ዌምብሌይ ላይም ጆሹዋን ጥሎ አልቸኮለም፣ ለዚያ ነው የተሸነፈው ይባላል። አሁን ሳስበው ብሩስተርን ሲደበድብ ቸኩሎ ጉልበቱ ያለቀበት ሰው ነው። አስራ ሦስት ዓመት ቆይቶም ያን ሌሊት አልረሳውም።

ነገ ማታ የሃኖቨሩን እከፍታለሁ፣ ከሳንደርስ ጋር ያለውን። ቦሌ ሚካኤል፣ ከፈለግክ ና፣ አብረን እናየዋለን።